ከሲኦል በስተ ግራ

በስኮትላንድ ምሥራቃዊ ጠረፍ፥ የባሕር ነፋስ ሌት ተቀን በሚነፍስበት ስፍራ፥ ሴንት አንድሩስ የምትባል አነስተኛ ከተማ አለች። ስሟ የሐዋርያው የቅዱስ እንድርያስ ስም ነው። የጥንቱ ካቴድራሏ ፈርሶ ግድግዳው ብቻ ቆሞ ይታያል፤ ዩኒቨርሲቲዋ ግን በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ተመሥርቶ እስከ ዛሬ ያስተምራል። ይሁን እንጂ ከአራቱ ማዕዘን የሚመጣው እንግዳ በብዛት የሚጠይቀው ካቴድራሉንም ዩኒቨርሲቲውንም አይደለም፤ «አሮጌው ሜዳ» የተባለውን የጎልፍ መጫወቻ ነው። በዚያ ሜዳ ላይ ሲኦል የሚባል የአሸዋ ጕድጓድ አለ፤ ከሲኦሉ ፊት የገነት መስክ ተዘርግቷል፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ የኃጢአት ሸለቆ ይገኛል። ስሞቹን ያወጣቸው ሰባኪ ሳይሆን በየተራው የተሸነፈ ተጫዋች ይመስለናል።

ጎልፍን ከሩቅ ለሚመለከት ሰው ጨዋታው ዱላ ይዞ ትንሽ ነጭ ኳስ እያሳደዱ ሜዳ ለሜዳ መዞር ይመስለዋል። እንዲህ የሚል ሰው ብዙም አልራቀ። ገናን ሲጫወት ላደገ ሕዝብማ ዱላና ኳስ እንግዳ ሊሆኑበት አይችሉም። ልዩነቱ በገና ጨዋታ ባላጋራ ፊት ለፊት ቆሞ ቅልጥምህን ሲመታ፥ በጎልፍ ግን ባላጋራው መሬቱ ራሱ መሆኑ ነው። ተጫዋቹ ኳሷን ከመነሻው እየመታ፥ ሣሩ እንደ ምንጣፍ ወደ ተላጨበት «ግሪን» ወደሚባለው ስፍራ ያደርሳታል፤ ከዚያም ባንዲራ በተተከለበት ቀዳዳ ውስጥ ይከታታል። ይህንን 18 ጊዜ ይደጋግማል። በጥቂት ምት የጨረሰ ያሸንፋል። በመንገዱ ላይ «ባንከር» የሚባሉ የአሸዋ ጕድጓዶች ይጠብቁታል። በአሮጌው ሜዳ ላይ ያሉት ባንከሮች በተለምዶ 112 ተብለው ይቈጠራሉ።

አንባቢ እንዲረዳልን፥ በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። የስኮትላንድ ፓርላማ በ1457 ሕዝቡ ቀስት መወርወር እንዲለማመድ ሲል እግር ኳስንና ጎልፍን በአዋጅ ከልክሎ ነበር፤ አዋጁ ግን ጨዋታውን አላጠፋውም። በ1552 የከተማዪቱ ሊቀ ጳጳስ በጽሑፍ በሰጡት ውል፥ እሳቸው በመስኩ ላይ ጥንቸል የማርባት መብት ሲያገኙ፥ ነዋሪው ደግሞ በዚያው ላይ ጎልፍ የመጫወት መብቱ ተረጋገጠለት። በዓለም ሁሉ አንድ ዙር ጨዋታ 18 ጕድጓድ የሆነውም ከዚሁ ቦታ የተነሣ ነው። ቀድሞ 22 የነበረው በ1764 አጫጭሮቹ ተጣምረው ወደ 18 ወረደ።

ሜዳውን የሠራው አንድ መሐንዲስ አይደለም። ባሕሩ ወደ ኋላ ሲመለስ ትቶት የሄደው አሸዋ ሣር አበቀለ፤ ነፋሱ ኮረብታና ጐድጓዳ አደረገው፤ በጎች ከነፋስ ለመሸሸግ የተኙባቸው ጐድጓዶች ባንከር ሆነው ቀሩ ይባላል። ጥንት ተጫዋቹ ወደ ላይ ሲሄድም ሲመለስም እነዚያኑ ቀዳዳዎች ይጠቀም ስለ ነበር፥ በ19ኛው መቶ ዓመት ሕዝቡ ሲበዛ ግሪኖቹን አስፍተው በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ሁለት ቀዳዳ አበጁባቸው። ስለዚህ ዛሬ ሰባቱ ግሪኖች መንታ ናቸው። አንዱ የሚሄደው፥ ሌላው የሚመለሰው ነው። የሁለቱ ቍጥር ሲደመር ሁልጊዜ 18 ይሆናል፤ 2ኛው ከ16ኛው፥ 5ኛው ከ13ኛው፥ 7ኛው ከ11ኛው ጋር ይጋራል። ይህ ለሒሳብ ሰው ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው፤ ስለ አንድ የሒሳብ ሰውም ወደፊት እንናገራለን።

ይህ አሠራር ለተጫዋቹ አንድ ትልቅ ነገር አስከተለ። የሚሄደውና የሚመለሰው መንገድ ጎን ለጎን ስለሆነ፥ ሄያጁ ከግራው የመላሹ ሜዳ አለ፤ መላሹም ከግራው የሄያጁ ሜዳ አለ። በቀኝ በኩል ግን እሾሃማ ቍጥቋጦ አለ፤ በብዙው ቦታ ደግሞ ወሰን አለ፤ ኳስ ከወሰን ከወጣች ቅጣት ነው። ስለዚህ ዱላ ተሸክመው መንገድ የሚመሩት ካዲዎች ለእንግዳ የሚሰጡት የመጀመሪያ ምክር «ከተጠራጠርህ ወደ ግራ» የሚል ነው። ምክሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ግማሽ እውነት ነው። በግራ የሄደ ሰው ዛሬ ከአደጋ ይድናል፤ በሚቀጥለው ምት ግን ባንዲራውን በባንከር ማዶ ያገኘዋል። በቀኝ፥ ወሰኑን ታክኮ የደፈረ ሰው ወለል ያለ መግቢያ ይከፈትለታል። እንግዲህ ግራው ዱቤ ነው፤ ዕዳው መከፈሉ አይቀርም። የአሮጌው ሜዳ ጥበብ፥ በእኛ አስተያየት፥ ዕዳውን የትኛው ጕድጓድ ላይ ቢከፍሉት እንደሚረክስ ማወቅ ነው።

ይህንን ያስተማሩን አንድ ሽማግሌ ወዳጃችን ናቸው። ረጅም ዘመን በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሹም ሆነው ካገለገሉ በኋላ ጡረታ ወጥተዋል። ጎልፍን የለመዱት በወጣትነታቸው በእንግሊዝ አገር ተማሪ ሳሉ ነው። ሴት ልጃቸው ኤዲንብራ ስለምትኖር ሊጠይቋት በሄዱበት በጋ፥ በአሮጌው ሜዳ ለመጫወት ስማቸውን ለዕጣ አስገቡ፤ ዕጣውም ወጣላቸው። እኛም በዚያው ወራት በዚያው አገር ነበርንና ዱላቸውን ተሸክመን እንድንከተላቸው ጋበዙን።

ችግሩ ትከሻቸው ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወድቀው ቀኝ ትከሻቸው ተሰብሮ ተጠግኗል። ሐኪማቸው በሣር ላይ ቀስ ብለው እንዲጫወቱ ፈቅዶላቸዋል፤ አሸዋ መምታትን ግን አጥብቆ ከልክሏቸዋል። በባንከር ውስጥ ኳሷን ለማውጣት ዱላው ከኋላዋ አሸዋውን መቅደድ አለበትና፥ ያ ድንገተኛ መያዝ ትከሻውን ይነቅለዋል አላቸው። እንግዲህ ሽማግሌው 112 ባንከር ባለበት ሜዳ አንድም ጊዜ አሸዋ ሳይነኩ 18ቱን መጨረስ ነበረባቸው። ከዚህም ሌላ ከ100 ምት በታች ለመጨረስ ለራሳቸው ቃል ገብተው ነበር። ሁለተኛ እንደማይመለሱበት ያውቁ ነበር፤ እኛም እናውቅ ነበር፤ ስለዚህ ጉዳይ ግን አንዳችንም አልተናገርንም።

ከ2019 ጀምሮ የጨዋታው ሕግ ኳሷ ባንከር ለገባችበት ሰው ሁለት የቅጣት ምት ከፍሎ ወደ ውጭ እንዲያወጣት ይፈቅዳል። ይህንን ስናስታውሳቸው፥

«ልጄ፥ መቀጫ ከፍሎ የወጣ ሰው ገብቶ ነበር ይባላል እንጂ አልገባም አይባልም» አሉን።

ጨዋታው ማክሰኞ ነበር። አሮጌው ሜዳ በልማድ እሑድ ጨዋታ የለበትም፤ ለሕዝብ መናፈሻ ይሆናል። ባልና ሚስት ክንድ ለክንድ ተያይዘው ይንሸራሸሩበታል፤ ውሾች ይሮጡበታል፤ ዓለም የሚሽቀዳደምበት ሣር ላይ ሕፃናት ይንከባለሉበታል። እኛም እሑድ ከቀትር በኋላ ገባን። ነገር ግን ሽማግሌው ከ1ኛው አልጀመሩም። ከ18ኛው ተነሥተን ወደ ኋላ፥ ወደ 17ኛው፥ ወደ 16ኛው እንድንሄድ አደረጉን። ምክንያቱን ስንጠይቃቸው «ሒሳብ ሲመረመር ከድምሩ ወደ ላይ ነው» ሲሉ መለሱልን።

ነገሩ ቀልድ ብቻ አልነበረም። ይህ ሜዳ በጥንት ዘመን በተቃራኒው አቅጣጫ ይጫወቱበት ነበር። ስለዚህ አንዳንዶቹ ባንከሮች አፋቸውን የከፈቱት ዛሬ ወደሚመጣው ተጫዋች ሳይሆን ወደ ድሮው ተጫዋች ነው። ከፊት ለሚመጣው ሰው ሜዳው አረንጓዴና ንጹሕ መስሎ ይታያል፤ ወጥመዱ በጕብታው ጀርባ ተሸሽጓል። ወደ ኋላ የሚሄድ ሰው ግን እያንዳንዱን አፍ ለአፍ ያገኘዋል። ሽማግሌው ትንሽ የኪስ ደብተር አውጥተው፥ ባንከር ባዩ ቍጥር ቆመው፥ በእርምጃ ለክተው ጻፉ። 12ኛው ዘንድ ስንደርስ ከጐዳናው መካከል ከመነሻው ጨርሶ የማይታዩትን ወጥመዶች አየን። ሽማግሌው በደብተራቸው ላይ ክብ ክብ አድርገው ከሳሏቸው በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱ። ለአሮጌው ሜዳ ለሚዘጋጅ ሰው ከዚህ የተሻለ ምክር አናውቅም፤ ከመጫወቱ በፊት እሑድ ይምጣና ወደ ኋላ ይሂድ።

ማክሰኞ ጧት ነፋሱ ከምዕራብ ይነፍስ ነበር። አንድ የአገሩ ካዲ ተጨመረልን፤ ዕድሜው የገፋ፥ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። 1ኛው ጕድጓድ ከ18ኛው ጋር አንድ ሰፊ መስክ ስለሚጋራ ከመነሻው መሳት ያስቸግራል፤ ባንከርም የለበትም። ነገር ግን ከግሪኑ ፊት ስዊልካን የሚባል ጠባብ ጅረት ይፈስሳል። ባንዲራው ከጅረቱ አጠገብ ሲተከል የተጫዋቹ ዐይን ባንዲራውን ያያል፤ ኳሷ ውኃውን ታገኛለች። መፍትሔው ባንዲራውን መርሳትና አንድ ዱላ አሳድጎ እስከ ግሪኑ ኋላ መምታት ነው። ሽማግሌው ግን በሁለተኛው ምት ከጅረቱ በፊት አስቀመጧት፤ በሦስተኛው ተሻገሩ። በ5 ጨረሱ።

ከ2ኛው እስከ 6ኛው ድረስ ነገሩ አንድ ዓይነት ስለሆነ አናረዝመውም፤ ቀኙ ቍጥቋጦ ነው፤ ግራው ሰፊ ነው። ሽማግሌው ግራ ግራውን ይዘው ሄዱ። ዱቤው በግሪኑ ላይ ተከፈለ፤ መንታ ግሪኖቹ እጅግ ሰፋፊ ስለሆኑ ኳሷ ከግሪን ደረሰች ማለት ከቀዳዳው ቀረበች ማለት አይደለም። 5ኛው ላይ አርባ እርምጃ ያህል ርቀት ላይ ቆመው ኳሷን መሬት ለመሬት በሚገፋው ዱላ፥ «ፓተር» በሚሉት፥ ሲገፏት ከሌላ ቡድን የመጡ ሰዎች በዚያው ግሪን ላይ ወደ 13ኛው እየተጫወቱ ነበር። ባርኔጣ አንሥተው ሰላምታ ተለዋወጡ።

ከ7ኛው እስከ 11ኛው ሜዳው እንደ እረኛ በትር ጫፍ ይጠመዘዛል። እዚህ ነፋሱ ከየአቅጣጫው ይመጣል፤ የ7ኛውና የ11ኛው መንገዶችም ይሻገራሉና አንዱ ሌላውን ቆሞ ማሳለፍ አለበት። ስለ 9ኛውና ስለ 10ኛው ብዙ የምንለው የለንም፤ ጠፍጣፋዎች ናቸው፤ ብርቱ ጐልማሳ ይጠቀምባቸው።

11ኛው ግን ሌላ ነገር ነው። አጭር ነው፤ በ2022 ውድድር 174 ያርድ፥ ማለት ወደ 159 ሜትር ነበር። ከመነሻው በአንድ ምት ግሪን ላይ መድረስ ይጠበቃል። ግሪኑ ከኋላ ወደ ፊት እጅግ ያዘቀዘቀ ነው፤ በስተ ግራ «ኮረብታ»፥ ከፊት ወደ ቀኝ «ስትራት» የሚባሉ ሁለት ጥልቅ ባንከሮች ይጠብቁታል። ከኋላው ያለፈች ኳስ ስትመለስ ቍልቍለት ነው፤ በትንሹ የተገፋች ኳስ እስከ አሸዋው ትወርዳለች። በ1921 ቦቢ ጆንስ የተባለው አሜሪካዊ ወጣት በታላቁ የብሪታንያ ውድድር ላይ በዚሁ ጕድጓድ «ኮረብታ» ውስጥ ገብቶ ተስፋ ስለቈረጠ ኳሱን አንሥቶ ከውድድሩ ራሱን አገለለ። ይኸው ሰው በ1927 ተመልሶ በዚሁ ሜዳ አሸነፈ፤ በ1930ም የአማተሮችን ውድድር አሸነፈበት፤ በ1958 ከተማዪቱ የክብር ዜግነት ሰጠችው። ሜዳው ሰውን ሲያዋርድ አይቸኵልም፤ ሲያከብርም እንደዚያው ነው።

ሽማግሌው ግሪኑን ለመድረስ አልሞከሩም። ካዲው ረጅም ዱላ ሲሰጣቸው መልሰው አጭሩን ጠየቁ። ከግሪኑ ፊት ሃያ እርምጃ ያህል ሲቀር፥ በሁለቱ ባንከሮች መካከል በጠራው ሣር ላይ አስቀመጧት። ከዚያ በፓተሩ ሽቅብ ገፏት፤ በ4 ጨረሱ። ካዲው ምንም አልተናገረም፤ ከዚያ ወዲያ ግን ዱላ ከመስጠቱ በፊት የትኛውን እንደሚፈልጉ መጠየቅ ጀመረ።

12ኛው ላይ ደብተሩ ወጣ። ከመነሻው ሲታይ ቀጥ ያለ፥ ምንም የሌለበት መስክ ነው። ከእኛ በፊት የተነሡ ሁለት ጐልማሶች በብርቱ መትተው መካከሉን ይዘው ሄዱ፤ ኳሶቻቸው ከጕብታው ጀርባ ጠፉ። ሽማግሌው የጻፉትን እርምጃ ቈጥረው ከመጀመሪያው ወጥመድ በፊት እንድትቀር አጭር መቱ፤ ቀጥለውም በስተ ግራ ዞሩ። ስናልፍ አንደኛው ጐልማሳ ከነፍስ አባቱ ጋር እንደሚነጋገር ሰው አንገቱን ደፍቶ አሸዋ ውስጥ ቆሞ ነበር። 13ኛው ላይ «የሬሣ ሣጥኖች» የሚባሉትን ባንከሮች እንደዚሁ በግራ አለፍናቸው።

እነሆ ወደ 14ኛው ደረስን። በ2022 ውድድር 614 ያርድ ያህል፥ ከ560 ሜትር የማያንስ ነበር፤ ለተራ ተጫዋች መነሻው ቀረብ ያለ ቢሆንም ለሽማግሌ ያው የሁለት ቀን መንገድ ነው። በስተ ቀኝ የድንጋይ አጥር አለ፤ ከአጥሩ ማዶ ወሰን ነው። በስተ ግራ «ጢማሞቹ» የሚባሉ ባንከሮች ተሰብስበዋል። በሁለቱ መካከል ያለፈ ሰው «የገነት መስክ» በተባለው ሜዳ ላይ ያርፋል። በዚያ ለጥ ባለ ሣር ላይ የቆመ ሰው ጭንቀቱ ያለቀ ይመስለዋል። ሲኦል ያለው ከፊቱ ነው። «ሲኦል» ጥልቀቱ ወደ ሦስት ሜትር የሚደርስ፥ ግድግዳው በሣር ንጣፍ የተገነባ ሰፊ ባንከር ነው። በ1995 ታላቁ ጃክ ኒክላውስ፥ በዚሁ ሜዳ ሁለት ጊዜ ያሸነፈው ሰው፥ ከዚህ ለመውጣት አራት ምት ፈጅቶበት ጕድጓዱን በ10 ጨርሷል።

እዚህ ሦስት ምርጫ አለ። ብርቱ ሰው በሲኦሉ ላይ አሳልፎ ይመታል። ጥንቁቅ ሰው ከፊቱ ያቆማል፤ ነገር ግን ለሚቀጥለው ምት ሩቅ ይቀርበታል። ሦስተኛው፥ በስተ ግራ ወደ 5ኛው ጐዳና መሻገር ነው። መንገዱ ይረዝማል፤ ከእነዚያ ከሚሄዱት ሰዎች ጋርም መጋፋት አለ፤ ሲኦል ግን በቀኝ በኩል ይቀራል። ሽማግሌው ከገነት መስክ ላይ ቆመው ደብተሩን ሳይገልጡ ወደ ግራ ጠቈሙ። ኳሷ ስትሻገር ካዲው ራሱን ነቀነቀ። ሲኦልን ስናልፍ ከአፋፉ ቆመን ወደ ውስጥ ተመለከትን፤ ባዶ ነበር፤ አሸዋው በመጥረጊያ ተስተካክሎ የአንድ ሰው ዱካ እንኳ አልነበረበትም። «አየህ፥ ዛሬ የሚገባበት አጥቷል» አሉ ሽማግሌው። በ7 ጨረሱ። ከፍ ያለ ዋጋ ይመስላል፤ ርካሽ ነው።

15ኛውን አልፈን 16ኛው ላይ «የርእሰ መምህሩ አፍንጫ» የሚባሉት ሦስት ባንከሮች መካከሉን ይዘው ተገኙ። በአፍንጫውና በቀኙ የወሰን አጥር መካከል ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ በዚያ ያለፈ ሰው ግሪኑ ይከፈትለታል። በግራ የሄደ ሰው ሰፊ ቦታ ያገኛል፤ ዕዳ ግን ይገባል። ሽማግሌው በግራ ሄዱ። ስንጨርስ ደብተሩ ላይ ተደመረ፤ በ16 ጕድጓድ 86 ምት። አሸዋ አልነኩም። ከ100 በታች ለመጨረስ በቀሩት ሁለት ጕድጓዶች ከ13 ምት መብለጥ የለባቸውም።

17ኛው «የመንገዱ ጕድጓድ» ይባላል፤ በ2022 ውድድር 495 ያርድ፥ ወደ 450 ሜትር ነበር። መነሻው ላይ የቆመ ሰው ፊት ለፊት የሚያየው የሆቴል ቅጥርና የድሮ የባቡር መጋዘን አምሳያ የሆነ ጥቍር ግንብ ነው። ደፋር ሰው ኳሷን በግንቡ ጣሪያ ላይ አሳልፎ ይመታል። ከዚያም ግሪኑ አለ፤ ቀጭንና አግድም የተኛ ነው። ከፊቱ በስተ ግራ «የመንገዱ ባንከር» ግሪኑን ነክሶ ተቀምጧል፤ ከኋላው መንገድ፥ ከመንገዱ ማዶ የድንጋይ ግንብ አለ። ባንከሩን የፈራ ሰው አሳልፎ መንገዱ ላይ ይወድቃል፤ መንገዱን የፈራ ሰው ባንከሩ ውስጥ ይገባል። በዓለም ላይ ከዚህ የከፋ ጕድጓድ አለ የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኛ ግን አላየንም።

በ1978 ጃፓናዊው ቶሚ ናካጂማ በሁለት ምት ግሪኑ ደረሰ። ከዚያ በፓተር የገፋት ኳስ በቍልቍለቱ ዞራ ባንከሩ ውስጥ ገባች፤ ለመውጣት አራት ምት ፈጀበት፤ በ9 ጨረሰ። በ1984 ቶም ዋትሰን ስድስተኛውን ድል ሊያገኝ በመጨረሻው ቀን ከዚህ ሲደርስ፥ ሁለተኛ ምቱ ግሪኑን አልፋ ከመንገዱ ማዶ ከግንቡ ሥር ቀረች፤ ዋንጫውን ሴቬ ባዬስቴሮስ ወሰደው። ታይገር ዉድስ ግን በ2000 በአራት ቀን 72 ጕድጓድ ሲጫወት አንድም ጊዜ ባንከር አልገባም፤ በ8 ምት ልዩነት አሸነፈ። ሽማግሌው ይህንን ታሪክ ይወዱት ነበር። «የእኔ አንድ ቀን ብቻ ናት» ይሉ ነበር።

ለዚህ ጕድጓድ እጅግ የጠቀመን ግን የ2022ቱ ውድድር ነው። አውስትራሊያዊው ካሜሮን ስሚዝ በመጨረሻው ቀን እዚህ ሲደርስ በኳሱና በባንዲራው መካከል የመንገዱ ባንከር ገባ። አሸጋግሮ መምታት ይችል ነበር። እሱ ግን ፓተሩን አወጣ፤ ኳሷን በባንከሩ ጠርዝ ዙሪያ አሽከርክሮ ግሪኑ ላይ አደረሳት፤ በ4 ጨርሶ ውድድሩን በ20 ምት ከፓር በታች አሸነፈ። በዚያው ቀን ሮሪ ማኪልሮይ 18ቱንም ግሪኖች በሚገባው ምት ደርሶ በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ሁለት ጊዜ ገፍቶ ሦስተኛ ወጣ። እንደሱ ያለ እንከን የሌለበት ሒሳብ አቅርቦ የተሸነፈ ሰው ማየት ያሳዝናል። ጥንቃቄ ብቻውን ዋንጫ አይሰጥም፤ ሽማግሌው ግን ዋንጫ አልፈለጉም።

የመጀመሪያዋን ምት ከግንቡ በስተ ግራ ላኳት። ሁለተኛዋንና ሦስተኛዋን ቀስ በቀስ ወደ ቀኝ አዘነበሏቸው፤ ይኸውም ባንከሩ በግራ እንዲቀር ነው። ቀኑን ሙሉ በግራ የሄዱት ሰው እዚህ ወደ ቀኝ መዞራቸውን ያየው ካዲ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ከግሪኑ ፊት አርባ ሜትር ሲቀር ፓተሩን ጠየቁ። ኳሷ እየተንከባለለች ሽቅብ ወጣች፤ ወደ ባንከሩ ትንሽ ዘወር አለች። ሦስታችንም ትንፋሻችንን ያዝን። ከአፋፉ ሁለት ክንድ ያህል ርቃ አለፈችና ግሪኑ ላይ ቆመች። ከዚያ ሦስት ጊዜ ገፏት፤ በ7 ጨረሱ። 93።

18ኛው ባንከር የለበትም። ስለዚህ የስዊልካንን ትንሽ የድንጋይ ድልድይ ስንሻገር አሸዋው አብቅቶ ነበር፤ የቀረው ቍጥሩ ነው። በ6 ከጨረሱ 99 ይሆናል። ከግሪኑ ፊት በስተ ግራ «የኃጢአት ሸለቆ» የተባለው ጐድጓዳ አለ። በ1995 ጣልያናዊው ኮስታንቲኖ ሮካ ከዚህ ሸለቆ ውስጥ ኳሱን በፓተር ገፍቶ ቀዳዳው ውስጥ ከትቶ ወድቆ መሬቱን በጡጫ መታ፤ ነገር ግን በተጨማሪው ጨዋታ በጆን ዴሊ ተሸነፈ። በ1970 ደግሞ ዳግ ሳንደርስ ከአንድ ሜትር የማትበልጥ ግፊት ብቻ ቀርታው ስቷት፥ በማግስቱ በኒክላውስ ተሸነፈ።

ሽማግሌው በሦስት ምት ሸለቆው ውስጥ ደረሱ። አራተኛዋን ሽቅብ ገፏት፤ ከአፋፉ ደርሳ አመነታች፤ ተመልሳም ከእግራቸው ሥር መጣች። አምስተኛዋን ጠንከር አድርገው ገፏት፤ ወጣች፤ ከቀዳዳው አንድ እርምጃ ላይ ቆመች። ከአጥሩ ውጭ መንገድ የሚሄዱ ሰዎች ቆመው ይመለከቱ ነበር፤ በዚህ ከተማ ልማዱ እንደዚህ ነው። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው መሬቱን አዩ፤ ጊዜ ሳይወስዱ ገፏት። ኳሷ የቀዳዳውን ቀኝ ከንፈር ነክታ ወጣች። ሰባተኛዋ ገባች።

ደብተሩን አውጥተው 100 ብለው ጻፉ፤ ከሥሩም እንደ ልማዳቸው ሁለት መሥመር አሰመሩ። ካዲው ኮፍያውን አውልቆ ጨበጣቸው። ከዚያም ከግሪኑ ወጥተው ከአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ የቀኝ ጫማቸውን አውልቀው ገልብጠው አራገፉት፤ ቀጥለው ግራውን።

«ተመልከት» አሉን፤ «አንድ ቅንጣት የለም።»